ፖም ለጨንቻ፣ ቁርቁራ ለሳቢያን

ድሬዳዋ ላይ ፖም የሚበቅለው ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ፍሬ ከነተለጣፊው በወረቀት ጎድጓዳ ውስጥ ተወልውሎና አብረቅርቆ ተኝቷል። ዛፉን ያየ ሰው የለም። ነጋዴውን «ከየት የመጣ ነው?» ብትሉት «የውጭ ነው» ይላችኋል፤ ለእሱ «ውጭ» አንድ ሰፊ እርሻ ነው። አልፈርድበትም። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ሐረር ተራራ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ባቡሩ ሽቅቡን ፈርቶ ቆላው ላይ ቆመ፤ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣን ዕቃ «ዘመድህ ማነው?» ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ፖም የሚገዛ ሰው ግን ይጠየቃል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ማን ታመመብህ?» እዚህ ፖም የበሽተኛ ፍሬ ነው። ሆስፒታል ሲኬድ ከብርቱካንና ከጁስ ጋር በፌስታል ይንጠለጠላል፤ ከበሽተኛው ራስጌ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጠያቂው ራሱ ይበላዋል። ጤነኛ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ፖም የሚገምጥበት ምክንያት ለሰፈራችን ለሳቢያን ሰው አይታየውም። አንድ ቀን ፖም በፌስታል ይዤ ባጃጅ ብሳፈር ሾፌሩ ወደ ኋላ በመስታወት አየኝና «እግዜር ይማራቸው» አለኝ። «አሜን» አልኩ። ምን ልበለው? «የምበላው እኔ ነኝ» ብል ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚደነግጠው እሱ ነበር።

ፍሬ አጥተን አይደለም። አምባሾኩ፣ ዘይቱኑ፣ ማንጎው፣ ሎሚው፣ በለሱ በየወቅቱ በጋሪና በቅርጫት በራችን ድረስ ይመጣል። ድሬ ላይ ወር የሚታወቀው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ጋሪው ላይ በተከመረው ነገር ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ፖም ትዝ ያለኝ በራሴ አይደለም፤ በስልክ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሳቢያን ተወልዳ፣ አቧራውን ጠጥታ አድጋ፣ አሁን ሚኒሶታ ትኖራለች። ሚኒሶታ የእኛ ሰው የበዛበት የአሜሪካ ግዛት ነው፤ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ አማራውም ድሬ ላይ እንደተጎራበተው እዚያም ተጎራብቷል። ልዩነቱ ብርዱ ነው። እና አንድ ጊዜ መስከረም ላይ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አቦ፣ እዚህ ቁርቁራ አለ!» አለችኝ። «መንገድ ዳር ወድቆ ሰው በጫማው እየረገጠው ያልፋል! የሚያነሳው የለም!»

አውቶቡስ ስትጠብቅ ያየችው ዛፍ ነው። ከቅርንጫፉ ላይ ትንንሽ፣ ቀያይ፣ ክብ ፍሬ ተንጠልጥሏል፤ መሬቱ ላይም ተነጥፏል። ኪሷን ሞላች። ከአጠገቧ የቆመችው ፈረንጅ በትህትና ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራ ቆመች። የእኛዋ አንዱን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ስትነክሰው ጥርሷ ድረስ ኮመጠጣት፤ አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ፊቷ ገና አልተፈታም ነበር። ያ ፍሬ ቁርቁራ አልነበረም። የዱር ፖም ነው።

የዱር ፖም የሚሉት መጠኑ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠውን፣ ብዙ ጊዜም የሚጎመዝዘውንና አፍ የሚያስረውን የፖም ዓይነት ሁሉ ነው። ፈረንጆች በየጎዳናው የሚተክሉት ለአበባው ነው። በፀደይ አበባው ዛፉን ሸፍኖት ቅጠል አይታይም። ፖም የሚያመርት ገበሬም ከዛፎቹ መሀል አንድ ሁለት ጣል ያደርጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ፖም በገዛ ብናኙ አያፈራም፣ ሌላ ዘር ያሻዋል፤ የዱሩ ደግሞ አበባው የበዛ በመሆኑ ብናኙ ለሁሉም ይበቃል። ጥሬውን የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ ውርጭ ከመታው በኋላ ግን ጉምዛዜው ይለዝባል። ከስኳር ጋር ሲቀቀል ያለ ምንም ማርጊያ በራሱ ይረጋል፤ የሚያረጋው ፔክቲን የተባለው ነገር ሞልቶታልና።

ከዚያ በኋላ የአክስቴ ልጅ ስልክ በደወለች ቁጥር ወሬው ስለ ፖም ሆነ። እዚያ መስከረምና ጥቅምት ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ፖም እርሻ ይወጣል አለችኝ። ሄደው ምን ይሠራሉ? ይለቅማሉ። ማን ይከፍላቸዋል? እነሱ ናቸው የሚከፍሉት! ይህን ለጎረቤታችን ለሐጂ ብነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «የሌላ ሰው እርሻ ላይ ሠርተህ፣ ገንዘብ ከፍለህ ትመጣለህ? ወላሂ፣ የእርሻው ባለቤት የኛ አገር ሰው መሆን አለበት» አሉ። እርሻው ላይ ትኩስ የፖም ጭማቂ አለ፤ በቀረፋ የተጋገረ የፖም ኬክ አለ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 ሃኒክሪስፕ የተባለ ዝርያ አውጥቶ ለገበሬ ሰጥቷል፤ ሲነከስ የሚጮኸው ድምፅ ብቻ ዋጋውን ከሌላው አስበልጦታል።

ነገሩን ያባሰው ግን ብልቃጧ ናት። የአክስቴ ልጅ ልካት አንድ መንገደኛ ይዟት መጣ። ከዱር ፖም የተሠራ ማርማላታ፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ በመብራት ሲታይ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ። ባለቤቴ ስስ እንጀራ በሚመስለው ለሆህ ላይ ቀባችው። ልጆቹ በሁለተኛው ቁርስ ብልቃጡን በጣታቸው ጠርገው ለእኔ ክዳኑን አተረፉልኝ። ክዳኑን እየላስኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለምን ግቢያችን ውስጥ ፖም አይኖርም?

የባለቤቴ ወንድም አርባ ምንጭ ነው የሚሠራው። አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ ከከተማዋ ሽቅብ ወደ ጋሞ ተራሮች ሲወጣ ግን ጨንቻ አለች። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጉም፣ ብርድ፣ የዶርዜ ሸማኔዎች አገር። ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አካባቢ ፖም ይዘው የገቡት እዚያ ነው። ዛሬ የጨንቻ ፖም መንገድ ዳር በቅርጫት ይሸጣል፤ ከፍሬው እኩል ችግኙም ገበያ አለው። ምክንያቱም ፖም ከዘር አይተከልም። ጣፋጩን ፍሬ በልታችሁ ዘሩን ብትቀብሩት የሚበቅለው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጎምዛዛ። ስለዚህ የጣፋጩ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ጠንካራ ግንድ ላይ ይዳቀላል፤ ታች ያለው ሥር አንድ ዓይነት፣ ላይ ያለው ፍሬ ሌላ ዓይነት ነው። ወንድማችን ከእነዚህ አንዱን አዲስ አበባ ድረስ አመጣልኝ። ዝርያው «አና» ይባላል አለኝ። ይህ ዝርያ በእስራኤል ሞቃት አካባቢ የተገኘ ነው፤ ብዙ ብርድ አይፈልግም። ሙቀት ይችላል ከተባለ ሳቢያንን ምን ይጎድላታል?

ችግኙን ታቅፌ የድሬዳዋን አውቶቡስ የተሳፈርኩት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ወሩ የቁሉቢ ገብርኤል ነው። አውቶቡሱ ነጠላ በለበሱ ተሳላሚዎች ተሞልቷል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከአዳማ እስከ አዋሽ ችግኙን ሲያዩ ቆይተው ሊችሉት አልቻሉም። «የኔ ልጅ፣ ስለት ነው?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ ፖም ነው» አልኩ። «አዎ፣ ፖም ስለት ገብተህ ነው ወይ?» ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ ለሚስቱ «ፖም ሊሰጥ ነው አሉ፤ ልጅ አጥቶ ይሆናል» ሲላት ሰማሁ። አሰበ ተፈሪ ስንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ልጅ እንዳጣሁ ያውቅ ነበር። ሂርና ላይ የሚያዝኑልኝ ሰዎች ቆሎ አቀበሉኝ። ሦስት ልጆች እንዳሉኝ ልናገር አስቤ፣ የቆሎው ነገር አሳሰበኝና ተውኩት።

አንድ ኬላ ላይ ደግሞ አውቶቡሱ ቆመ። ያለነው ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ እዚህ መንገድ ላይ ቅጠል የያዘ ሰው የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈታሹ መጣና አየኝ፤ ችግኙንም አየ።

«የየት ነው?»

«የጨንቻ።»

«ጨንቻ ጫት አለ እንዴ?»

«ጫት አይደለም ወንድሜ፣ አፕል ነው።»

ከኋላ አንድ ወጣት «አፕልማ ስልክ ነው!» አለና አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ፈታሹ አልሳቀም። ሥራው ነው። ከጫፉ አንዲት ለጋ ቅጠል ቀንጠስ አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ አኘከ። ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ የሚያውቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ «ይመርራል፤ ምርቃና ግን ሊኖረው ይችላል» አለና አሳለፈን። ቁሉቢ ላይ ተሳላሚዎቹ ሲወርዱ እኒያ እናት ችግኙን በእጃቸው ዳስሰው ለአንድ ወንድ ልጅ መረቁኝ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ነፋሱ በመስኮት ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር። ችግኙም የተሰማው ይመስለኛል።

ሳቢያን ገብቼ ገና ጉድጓዱን ሳልጨርስ ግማሽ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሐጂ ቦታ መረጡ። የጎረቤት ልጅ እርሻ ተምሮ የተመረቀ በመሆኑ ጥልቀቱን ለካ። ሴቶቹ የሚፈራውን ፍሬ ከወዲሁ ተከፋፈሉ። ተተከለ፤ ውሃ ጠጣ። የውሃው ነገር ነው መዘዙ።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ውሃ በብዛት የሚወጣው ከእኛ ከሳቢያን ጉድጓዶች ነው። ኩራታችን ነው፤ ግን ኖራ ያለበት ውሃ ነው። የማንቆርቆሪያችንን ክዳን ብትከፍቱ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ በማንኪያ ሲፋቅ ጣሪያ ላይ የደረቀ ቀለም ይመስል እየተሰነጠቀ ይነሳል። ሰው ለምዶታል። ፖም ግን አልለመደውም። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ቀርተው መሀል መሀሉ ገረጣ። ተመራቂው ልጅ ቅጠሉን ገለባበጠና «ብረት አንሶታል» አለ።

ይህን ቃል የሰማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሚስማር ይዞ መጣ። የዛገ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የብስክሌት ሰንሰለት፣ አንዱ ደግሞ የቤታቸውን ቁልፍ አምጥቶ ቀበረ፤ እናቱ ማታ በባትሪ ቆፍራ አወጣችው። ተመራቂው ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊስበው እንደማይችል፣ ኖራው እንደሚያስረው ቢያስረዳም የሰማው የለም። ሚስማር ሲቀበር የሚታይ ነገር ነው፤ ኖራ ብረት ሲያስር ግን አይታይም።

ቢጫነቱን ሳንጨርስ ሌላ መጣ። ፖም መተኛት አለበት። ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ ስንት ሰዓት እንደበረደው በእምቡጡ ይቆጥራል፤ ሒሳቡ ሲሞላ ነው ነቅቶ የሚያብበው። አብዛኞቹ የፈረንጅ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ 1,000 ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። «አና» በጥቂት መቶ ሰዓት ይረካል። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተመራቂው ልጅ ጨመረልኝ፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጣም ቀዝቃዛ በሚባሉት በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች እንኳ በአማካይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፖማችን በዚህ አያያዙ እንቅልፍ ሳያየው ዕድሜውን ሊጨርስ ነው።

አንዱ ጎረቤት በረዶ ይፈስስበት አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የጁስ ቤት በረዶ በፌስታል ገዝቼ ሥሩ ላይ አፈሰስኩ። ሐጂ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው ከበረዶው ላይ የሚነሳውን ጭስ እያዩ «ልጄ፣ እኛ ለምንጠጣው በረዶ አጥተን አንተ መሬት ታጠጣለህ?» አሉኝ። ተመራቂውም መጣና ብርዱን የሚቆጥረው ሥሩ ሳይሆን እምቡጡ ነው አለኝ። የቀረውን በረዶ ሐጂ ወሰዱት።

ከዚያ ስለ ኢንዶኔዥያ ሰማሁ። ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ ባቱ የምትባል አካባቢ፣ ማላንግ ከተማ አጠገብ፣ ውርጭ በማያውቅ የምድር ወገብ አገር ፖም ያመርታሉ። ዘዴያቸው ማታለል ነው። ፍሬው እንደተለቀመ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው አንድ በአንድ ያራግፉታል፤ ዛፉ የበረደው ይመስለውና እንደገና ያብባል። በዓመት ሁለቴ ምርት ያነሳሉ። የጃቫ ሰው ያታለለውን የሳቢያን ሰው የማያታልልበት ምክንያት አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጥላ ጥላውን በያዘበት ሰዓት፣ ችግኙ ሥር ሰሌን አንጥፌ ቁጭ አልኩና ቅጠሉን መቀንጠስ ጀመርኩ። በሩ ክፍት ነበር። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ሰዓት፣ ሰሌን ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ ቅጠል የሚቀነጥስን ሰው አይቶ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ አንድ ወዳጄ ትራስ ይዞ ገባ። «ሰላም ነው? ብቻህን ነው እንዴ የጀመርከው?» ብሎ ተደገፈ። ቀጥሎ ሌላው ፔርሙዝ ሻይ አስይዞ መጣ። ሦስተኛው ለውዝ ይዟል። ሳስረዳቸው አንደኛው ቅጠሉን አሽቶ አሸተተና ተወው፤ ነገር ግን ትራስ ይዞ የመጣ ሰው በቀላሉ አይነሳም። እስከ መግሪብ ስለ ፖም ስናወራ ዋልን። ከዚያ ሁሉ ምክክር የወጣው ውሳኔ ነገ ማን ጫት እንደሚያመጣ ነው።

ዘዴው ግን ሠራ! እርግጥ በጎን በኩል ነው የሠራው። ላይ ያለው የ«አና» ቅርንጫፍ ቅጠሉን እንዳጣ ደርቆ ቀረ፤ ከተጣበቀበት ቦታ በታች፣ ከሥሩ በኩል ግን ሁለት ቀንበጥ አወጣ። ተመራቂው ልጅ አይቶ ሳቀ። ከታች የሚወጣው የጣፋጩ አይደለም፤ የተዳቀለበት ግንድ ነው። ቢያፈራ እንኳ ትንሽና ጎምዛዛ ነው። እንግዲህ ሚኒሶታ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የወደቀውን ዓይነት ፍሬ የምታይ ሁለተኛዋ ሰፈር ሳቢያን ልትሆን ነበር ማለት ነው።

ፍየሏ ባትመጣ ኖሮ። የሳቢያን ፍየል ፈቃድ አትጠይቅም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ገባች፤ ቀንበጡን ከነግንዱ ጨረሰችና የተቀበረ ሚስማር እየረገጠች ወጣች። ባለቤቷን አግኝቼ ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። እጄን ይዞ በጭንቀት ጠየቀኝ፤ «ያ የበላችው ነገር አይጎዳትም?»

ፍየሏን የተከተልኳት ንዴት ይዞኝ ነበር። ከአጥሩ ኋላ፣ ማንም ውሃ አጠጥቶት በማያውቅ፣ ሚስማርም በረዶም ባልቀመሰ ዛፍ ሥር ሄዳ ቆመች። ወሩ ኅዳር ነው። ዛፉ ቁርቁራ ነው። ቅርንጫፉ በፍሬ ጎብጧል።

ቁርቁራን የማያውቅ ካለ፤ ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ሲበስል ቡናማ ወደ ቀይ ያደላል፤ ዛፉ ላይ ከሰነበተ ይጨማደዳል። ቢጫ ሆኖ ገና ሳይለሰልስ ሲነከስ ጠንከር፣ ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ የበላው ሰው ፖም ነው ይላል። የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ላይ ያ ትንሽ ፍሬ ቁርቁራ የመሰላት በከንቱ አይደለም። በዘር ግን አይዛመዱም። ፖም የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ እኛ ዘንድ ያሉት የሥጋ ዘመዶቹ ኮሶና የደጋው ቀጋ ናቸው። ቁርቁራ ደግሞ የጌሾ ወገን ነው። የኮሶ ዘመድ የበሽተኛ ፍሬ፣ የጌሾ ዘመድ የልጆች ፍሬ መሆኑ የሚገርም አይደለም።

መልቀሙ ግን የቤተሰብ ሽርሽር አይደለም። ቁርቁራ እሾሁን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ ይወጋል፣ ሁለተኛው እንደ መንጠቆ ቆልመም ብሎ ይይዛል። ቀጥ ያለው ሲወጋችሁ ወደ ኋላ ትላላችሁ፤ የሚጠብቃችሁ ቆልማማው ነው። በሳይንስ ስሙ ውስጥ የክርስቶስ እሾህ መባሉ ከእሾህ አክሊሉ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሐጂ ደግሞ ሲድር ይሉታል፤ በቁርኣን ስሙ የተጠራ፣ ቅጠሉ ለጀናዛ እጥበት የሚውል ዛፍ ነው። የመን ውስጥ ንብ ከዚህ አበባ የሠራችው ማር በዋጋው የታወቀ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ ደግሞ ሶማሌ እናቶችና እህቶች ቀሲል ብለው ይሸጡታል፤ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ይሰጣል፣ ፊትም ፀጉርም ይታጠቡበታል። ቤታችን ውስጥ ከሳሙናው አጠገብ የተቀመጠው አረንጓዴ ዱቄት ከአጥሩ ኋላ ካለው ዛፍ የተገኘ መሆኑን ባለቤቴ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ክብር ያለው ዛፍ ውስጥ ሸሚዝ ለብሼ ገባሁ። ወደ ውስጥ መግባት ቀላል ነው። መውጣቱ ላይ ነው ነገሩ። እጅጌዬን ሳላቅቅ ኮሌታዬ ተያዘ፤ ኮሌታዬን ሳስለቅቅ ጀርባዬ። ፍየሏ ከሥር ሆና የማረግፈውን ትበላለች። በመጨረሻ ሸሚዙን እዚያው ትቼ በካኔተራ ወጣሁ። ቁርቁራ በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ ሁለት ልጃገረዶች በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩና አንደኛዋ ለሌላኛዋ «ይሄኛው ዛፍ ደግሞ ሸሚዝ አፍርቷል» አለቻት። እነሱ በረጅም በትር ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርገው፣ ከሥር ሻሽ ዘርግተው ያነሳሉ። አንድ ጭረት የለባቸውም። የቀረውን ከእነሱ ገዛሁ።

ማርማላታው ተሠራ። ቁርቁራ የዱር ፖም ያለው ውሃ የለውም፤ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከሥጋው የሚበልጠውም ጠንካራው ዘሩ ነው። ተቀቀለ፣ በወንፊት ታሸ፣ ስኳርና ሎሚ ገባበት። ጥርት ያለ ቀይ ስጠብቅ የግድግዳ ምርጊት የሚመስል ቡናማ ነገር ወጣ። ድስቱ አረረ። ጉንዳኑ ከሳቢያን ዳርቻ ሁሉ ተጠራ። ለሐጂ በለሆህ ላይ አቀረብንላቸው። ቀምሰው ጥቂት አሰቡና «ተምር ልሁን ብሎ ሐሳቡን የቀየረ ነው» አሉ። አንድ ብልቃጥ በመንገደኛ ወደ ሚኒሶታ ላክሁ፤ ውለታ ነው። መልሱ በስልክ መጣ፤ «ማርማላታውን ተዉት፣ ፍሬውን እንዳለ አድርቃችሁ ላኩልኝ።»

ፍርዱ ይኸው ነው። ፖም ብርድ የሚቆጥር ዛፍ ነውና ለጨንቻና ለብጤዎቿ ለደጋዎቹ ይተውላቸው፤ እዚያ ሄዶ ከቅርጫት ገዝቶ መብላት ደግሞ ሳይታመሙም ይቻላል። ሳቢያን የራሷ የፍሬ ወቅት አላት፤ የሚጀምረውም ዝናቡ ሄዶ ሌሊቱ በረድ ሲል፣ ልጃገረዶቹ ጣሳቸውን ይዘው መንገድ ዳር ሲወጡ ነው። ድርቅ የሚችል፣ ኖራ የማይገደው፣ ለፍየል ቅጠል፣ ለንብ አበባ፣ ለልጅ ፍሬ፣ ለሴት መታጠቢያ የሚሰጥ ዛፍ በየአጥሩ ጥግ ቆሞ ሳለ፣ ቤት ስንሠራ አስቀድመን የምንቆርጠው እሱን ነው። እሾህ አለው ብለን። እባካችሁ አትቁረጡት፤ እሾሁን በበትር ማለፍ ይቻላል።

ወደ ሳቢያን ብቅ ካላችሁም ከልጆቹ አንድ ጣሳ ግዙ። ግን ከላይ የተደረደረውን ደማቁን አይታችሁ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ታች ስደዱ።